ያገለገለ ባጃጅ ከመግዛት በፊት የሚደረግ ምርመራ

በሺንሺቾም ሆነ በሌሎች ከተሞች ያገለገለ ባጃጅ ገዝቶ ሥራ ለመጀመር የሚፈልግ ዜጋ፣ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የሚከተሉትን ማረጋገጥ ይኖርበታል፦

1. የሻንሲና የሞተር ቁጥሮቹ በሊብሬው ላይ ከሰፈሩት ጋር አንድ መሆናቸውን፤
2. ሻጩ በሊብሬው የተመዘገበው ባለቤት ወይም ሕጋዊ ወኪሉ መሆኑን፤
3. ተሽከርካሪው ከዕዳና ከዕግድ ነጻ መሆኑን፣ ከመዘገበው መሥሪያ ቤት፤
4. የሞተሩን፣ የፍሬኑን፣ የመሪውንና የጎማውን ደኅንነት፣ ገዢው ራሱ በመረጠው መካኒክ።

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች በየጊዜው እንዲመረመሩ ያዝዛል። ይሁን እንጂ ቦሎ መለጠፉ ብቻ ለገዢ በቂ ዋስትና አይደለም፤ ከምርመራው በኋላ የደረሰን ብልሽትም ሆነ ያልተከፈለን ዕዳ አያሳይም። የሻንሲው ቁጥር ተፍቆ ወይም ተቀይሮ ከተገኘ ስም ማዛወር ስለማይቻል፣ ቀብድም ቢሆን መክፈል አይገባም።