በጦርነት ጊዜ ሂሳብ ማን ይጠይቅ?

«አገር እየተዋጋች ስለ ገንዘብ ምን ወሬ ነው?» ሲባል እንሰማለን። ሲሰሙት የአገር ፍቅር ይመስላል። ግን ማነው የሚናገረው? ብዙውን ጊዜ ሂሳቡን የያዘው ሰው ነው። እስቲ አንድ የአሜሪካ ታሪክ እንይ (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከመሣሪያ ንግድ ማን እንዳተረፈ ለማጣራት በሴናተር ናይ የሚመራው ኮሚቴ የተቋቋመው በ1934 ነው። ጦርነቱ ካበቃ 15 ዓመት አልፎታል! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

የሚዙሪው ሴናተር ሃሪ ትሩማን ግን ጅቡ ሳይሄድ ጮኸ። አሜሪካ ለሁለተኛው ጦርነት ስትዘጋጅ፣ መኪናውን ራሱ እየነዳ በግንባታ ላይ ያሉትን የጦር ሰፈሮች ዞሮ አየ። የግንባታ ዕቃ ዝናብና በረዶ ላይ ተጥሎ ይበላሻል፤ ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ምክንያቱ ውሉ ነው፤ ተቋራጩ ያወጣው ወጪ ሁሉ ይተካለታል፣ የተወሰነ ክፍያም ይጨመርለታል። ታዲያ ለመቆጠብ ምን አስጨነቀው?

በማርች 1941 የምርመራ ኮሚቴው በ15,000 ዶላር በጀት ሥራ ጀመረ። የሚቆጣጠረው ግን የቢሊዮኖችን ወጪ ነው። በዲሴምበር ጦርነቱ ሲመጣ ከጦር ሚኒስቴር በኩል ኮሚቴው ይቁም የሚል ሐሳብ ቀረበ። አልቆመም። ትሩማን በእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የነበረው ኮሚቴ በጄኔራሎች ሥራ እየገባ ያደረሰውን ጉዳት አንብቦ ስለነበር፣ የውጊያውን ዕቅድ ለጦሩ ትቶ ሂሳቡን ያዘ።

በ1943 ኦሃዮ የሚገኘው የከርቲስ ራይት ፋብሪካ ጉድለት ያለባቸውን የአውሮፕላን ሞተሮች እንደሚያሳልፍ አጋለጠ። እዚህ ላይ ነገሩ የዶላር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዚያ ሞተር የሚበረው የሰው ልጅ ነው።

ቁጥጥሩ ግን አንድ በር ላይ ቆመ። በዚያው ዓመት ትሩማን ስለ አንድ ትልቅ የምስጢር ሥራ ሲጠይቅ፣ የጦር ሚኒስትሩ ስቲምሰን «ይቅር» አለው፤ እሱም እሺ ብሎ ተወው። ሥራው ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የፈጀው የአቶሚክ ቦምብ ነበር። ሙሉውን የሰማው በኤፕሪል 1945፣ ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላ ነው። በኦገስት ቦምቡ ሂሮሺማና ናጋሳኪ ላይ ወደቀ።

እንግዲህ ሂሳብ መጠየቅ ጦርነት እንደማያሸንፍ የሚነግረን ካለ፣ የትሩማን ኮሚቴ መልስ ይሆነዋል። ግን «ምስጢር ነው» ሲባል ያ ጎበዝ ጠያቂ እንኳ ዝም ማለቱን አንርሳ። ትልቅ ወጪ ያለፈው በዚያ ዝምታ ነው።