በሳህንና በዕጣ የተሞሉ የሲኒማ አዳራሾች

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ ትናንሽ ከተሞች በሳምንቱ መጀመሪያ ቀናት ወደ ሲኒማ ቤት ይሄዱ ከነበሩ ሴቶች መካከል ብዙዎቹን የሚስባቸው ፊልሙ ብቻ አልነበረም። ትኬት የቆረጠች ሴት በበሩ ላይ አንድ የሸክላ ዕቃ በነጻ ትቀበላለች፤ በዚህ ሳምንት ሳህን፣ በሚቀጥለው ስኒ፣ ከዚያም የሾርባ ጎድጓዳ። አሠራሩ «የሳህን ምሽት» ይባል ነበር። ሲኒማ ቤቶች የአካባቢያቸውን ሰው ለመሳብ ከፈጠሯቸው ብልሃቶች መካከልም በስፋት ከታወቁት አንዱ ነው።

ብልሃቱን የወለደው ችግር ነው። በ1929 የአክሲዮን ገበያው ከወደቀ በኋላ ሥራ አጥነት ተስፋፋ። በ1930 በሳምንት ከ80 ሚሊዮን በላይ ይገመት የነበረው የሲኒማ ተመልካች በ1932 ወደ 60 ሚሊዮን ገደማ አሽቆለቆለ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ አዳራሾችም በራቸውን ዘጉ። በትንሽ ከተማ ያለ ባለ ሲኒማ ቤት ደግሞ ሌላ ሸክም ነበረበት። ትልልቆቹ ፊልም ሠሪ ኩባንያዎች በዋና ዋና ከተሞች የራሳቸው አዳራሾች ስለነበሯቸው አዲስ ፊልም በቅድሚያ የሚታየው በእነርሱ ነው፤ ወደ ሰፈርና ወደ ገጠር ከተማ የሚደርሰው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነበር። በፊልሙ አዲስነት መወዳደር ያልቻለ ባለቤት በሌላ ነገር መወዳደር ግድ ሆነበት።

የሳህን ምሽት አሠራር ቀላል ነው። ባለ ሲኒማ ቤቱ ዕቃውን በጅምላ ይገዛል፤ አዳራሹ ባዶ በሚሆንበት ቀን፣ ብዙውን ጊዜ ሰኞ ወይም ማክሰኞ፣ በየሳምንቱ አንድ አንድ ያድላል። ፍሬ ነገሩ ያለው «አንድ አንድ» በሚለው ላይ ነው። ሙሉ የገበታ ዕቃ ለማሟላት ወራት ይፈጃል፤ አንድ ሳምንት የቀረች ሴት ስብስቧ ይጎድላል። የመግቢያው ዋጋ በአብዛኛው ከ25 ሳንቲም የማይበልጥ ስለነበር ገንዘብ ባጠረው ቤት ፊልሙም ሳህኑም በአንድ ዋጋ ይገኙ ነበር። እናት ስትመጣም ባልና ልጆች ይከተላሉ። በጨለማ ከጭን ላይ ተንሸራቶ የሚሰበር ሳህን ድምፅ የዚያ ዘመን ተመልካቾች ትዝታ ሆኖ ቀርቷል። ችግሩ የሚመጣው ጎረቤት ሲኒማ ቤትም ማደል ሲጀምር ነው፤ ያን ጊዜ ብልጫው ይጠፋል፣ ወጪው ግን ይቀራል፣ ቀድሞ ለማቆም የሚደፍርም አይገኝም።

ከሳህኑ የበለጠ ሕዝብ ያንቀሳቀሰው «የባንክ ምሽት» የተባለው ዕጣ ነው። ፈጣሪው ቀደም ሲል በፎክስ ኩባንያ በፊልም ሥርጭት ይሠራ የነበረው ቻርለስ ዬገር ሲሆን፣ ሲኒማ ቤቶች እንደ መጠናቸው በሳምንት ከ5 እስከ 50 ዶላር እየከፈሉት ይጠቀሙበት ነበር። ነዋሪው ስሙን በሲኒማ ቤቱ መዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ በተወሰነው ምሽት ዕጣ ይወጣል። ባለ ዕድሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መድረኩ ላይ ካልደረሰ ገንዘቡ ለሚቀጥለው ሳምንት ይተላለፋል። ገንዘቡ ባደገ ቁጥር ሰልፉም ያድጋል።

ነገሩ ዕቁብ ቢመስልም ዕቁብ አይደለም፤ በዕቁብ ያዋጣ ሁሉ ተራው ይደርሰዋል፣ በባንክ ምሽት ግን ከብዙ ሰው መካከል የሚያገኘው አንዱ ብቻ ነው። ሎተሪ በሕግ የተከለከለ ስለነበር ለመመዝገብ ትኬት መግዛት ግዴታ አልተደረገም። ይሁን እንጂ ስሙ ሲጠራ በደቂቃዎች ውስጥ መድረስ ያለበት ሰው ደጅ ከመቆም ይልቅ ከፍሎ ገብቶ መቀመጡን ይመርጣል። ይህ የሕግ ቀዳዳ ፍርድ ቤቶችን ከፋፈለ፤ አንዳንዶቹ ሲፈቅዱት ሌሎቹ ስውር ሎተሪ ነው ብለው አገዱት። በ1936 በሥራ ላይ ከነበሩት 15 ሺህ ያህል ሲኒማ ቤቶች 5 ሺህ ያህሉ ይጠቀሙበት ነበር። ብዙ አዳራሾችን ከመዘጋት እንዳዳነ ይነገርለታል፤ የሸጠው ግን የድሃውን ሰው ተስፋ ጭምር ነው።

በመካከለኛው ምዕራብ የእርሻ ግዛቶች ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። በዚያ ፊልሙ ራሱ መሳቢያ ሆነ። የትናንሽ ከተሞች ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው በበጋ ምሽቶች ሜዳ ላይ ወይም በሕንፃ ግድግዳ ላይ ፊልም በነጻ ያሳዩ ነበር። ዓላማቸው ገበሬው ከነቤተሰቡ ወደ ከተማ እንዲመጣና አስቤዛውን ከእነርሱ ሱቅ እንዲሸምት ነው። ገበሬው አልተጎዳም፤ ነጋዴውም ተጠቀመ። የተጎዳው ትኬት ሸጦ የሚኖረው የዚያው ከተማ ባለ ሲኒማ ቤት ነበር፤ ባለቤቶቹም በነጻው ትርዒት ላይ ደጋግመው አቤቱታ አሰምተዋል።

በ1950ዎቹ ተመልካቹን ከቤቱ የማያስወጣ አዲስ ባላንጣ፣ ቴሌቪዥን መጣ። በዚህ ጊዜ ስሙ የገነነው ፊልም አዘጋጁ ዊሊያም ካስል ነው። በ1958 «ማካብር» ለተሰኘው አስፈሪ ፊልሙ፣ በድንጋጤ ለሚሞት ተመልካች 1 ሺህ ዶላር የሚከፍል የሕይወት መድን አስገባ። በቀጣዩ ዓመት በሌላ ፊልሙ የተነሣ ሰው ሠራሽ አጽም በሽቦ ተንጠልጥሎ ከተመልካቹ አናት በላይ እንዲበር አደረገ፤ ልጆች ግን ከመፍራት ይልቅ በእጃቸው ያለውን እየወረወሩ አጽሙን መምታት ያዙ። በዚያው ዓመት «ዘ ቲንግለር» ሲታይ በአንዳንድ ወንበሮች ሥር የሚነዝር ሞተር ተገጠመ። እነዚህ ብልሃቶች ሰውን ያስቁና ያስወሩ እንደነበር ጥርጥር የለውም፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ያዩትን አጽም ለሁለተኛ ጊዜ ለማየት የሚከፍል ጥቂት ነው፤ ሳህኑ ግን ለሚቀጥለው ሳምንትም ይጠራ ነበር።

ወጪው አነስተኛ፣ ውጤቱ ግን ሰፊ የነበረው የአልፍሬድ ሂችኮክ ብልሃት ነው። በ1960 «ሳይኮ» ሲወጣ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም እንዳይገባ ደንብ ወጣ። እስከዚያ ድረስ ብዙ ሰው ፊልሙ መካከል ላይ ሳለ ገብቶ ያመለጠውን ክፍል በቀጣዩ ዙር ይመለከት ነበር። የሲኒማ ቤት ባለቤቶች ዘግይቶ የሚመጣው ደንበኛ ተቆጥቶ ይመለሳል ብለው ሠጉ። በየበሩ ግን ሰዓቱን በጣቱ የሚያመለክት የሂችኮክ ምስል ቆመ። ሕዝቡም አልተመለሰም፤ ቀጣዩን ዙር ለመጠበቅ በመንገዱ ዳር ተሰለፈ። ሰልፉን ያየ አላፊ አግዳሚም ምን ተገኘ ብሎ እየጠየቀ ከኋላ ይቆም ጀመር።