ዘውድ ወይስ ጎፈር? ካሳራኒ ላይ አንድ ሳንቲም ልናሠራ ተቀምጠን

ባለፈው ወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እዚህ ካሳራኒ ከስታዲየሙ ብዙም በማይርቅ ቤት ለቡና ተሰብስበን ሳለ፣ ከልጆቻችን አንዱ ወረቀትና እርሳስ ይዞ መጣ። ናይሮቢ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛውን ከስዋሂሊ ጋር እያዋዛ የሚናገር ወጣት ነው። «ሳንቲም ላሠራ ነው፤ የኢትዮጵያ ሳንቲም። ምን ይሳልበት?» አለን። እኛ እንደምናውቀው ሳንቲም የሚያሠራ መንግሥት ነው፤ ሌላው ካሠራ ይታሰራል። ስለዚህ መጀመሪያ የተነሣው ጥያቄ ስለ ሥዕሉ ሳይሆን ስለ ፖሊስ ነበር።

ልጁ ቁጭ ብሎ አስረዳን። ጂኦካሺንግ የሚባል ጨዋታ አለ። አንዱ ትንሽ ዕቃ ደብቆ የቦታውን የጂፒኤስ ቁጥር ያሳውቃል፤ ሌላው በስልኩ እየተመራ ሄዶ ያገኘዋል፣ ስሙን ጽፎም እዚያው መልሶ ይደብቀዋል። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሎች የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን ሲያቆም፣ በማግሥቱ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው ኦሪገን ውስጥ አንድ ባልዲ ደብቆ ቁጥሩን ለሌሎች አስታወቀ። በዓመቱ ደግሞ ጆን ስታንሊ የተባለ ሌላ ተጫዋች የራሱን ሳንቲም አሠርቶ በተደበቁ ዕቃዎች ውስጥ ማስቀመጥ ጀመረ። ጂኦኮይን ይሉታል። እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ተቀርጾበታል፤ ያገኘው ሰው ቁጥሩን አስመዝግቦ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል፣ ባለቤቱም የት የት እንደደረሰ ከቤቱ ሆኖ ይከታተላል። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ተጫዋቾች በየግዛታቸው ስም ማሠራት ለመዱ። የአገሪቱ መንግሥት ራሱ ከ1999 እስከ 2008 ድረስ በየዓመቱ አምስት አምስት እያደረገ ለሃምሳዎቹም ግዛቶች የሃያ አምስት ሳንቲም ገጽ ስላወጣላቸው፣ ሐሳቡ ለእነሱ እንግዳ አልነበረም።

ለነጋዴም ቢሆን እንግዳ አይደለም። ከማይተዋወቁ ሰዎች እጅ ወደ እጅ እየዞረ ድንበር የሚሻገር ብረት ማለት፣ ሞያሌን ለሚያውቅ ሰው፣ የድሮ ወዳጅ ነው። ገንዘብ እንደማይሆን፣ ዋጋ እንደማይጻፍበት ከተረዳን በኋላ ወጪውን በጋራ ልንሸፍንለት ተስማማን። ከዚያ ወደ ሥዕሉ ገባንና ተጣላን።

አንዱ «አንበሳ ነው እንጂ ሌላ ምን አለ?» አለ። ሌላው «የማን አንበሳ?» አለው። አንዷ እህታችን ባንዲራው ብቻ ይበቃል ስትል፣ «ኮከብ ያለበት ነው ወይስ የሌለበት?» የሚል ተነሣ። ልጁ የአሜሪካኖቹን ምሳሌ አይቶ «እንግዲያውስ ለየክልሉ አንድ አንድ እናሠራ» ሲል ግን ቤቱ ዝም አለ። በዚያ ክፍል ከጎንደር የመጣ አለ፣ ከወላይታ አለ፣ ከደሴ አለ፣ ከሞያሌም ከሁለቱም ወገን አለ። ሸቀጥ በአንድ መኪና የምንጭን፣ ዕቁብ አብረን የምንጥል ሰዎች ነን። ቡናውን የምታፈላው እህታችን ሁለተኛውን ሳትቀዳ ጀበናውን እንደያዘች ቀረች።

ያንን ዝምታ የሰበሩት፣ ሁላችን ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ነጋዴ ናቸው። ቤታቸው ቅርብ ነውና ሄደው የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው ተመለሱ። ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙት ሳንቲም ነው። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉትና «ከእናንተ በፊት የተጨቃጨቁትን እዩ» አሉን። ይህ ጽሑፍ የወጣው ከዚያ ቆርቆሮ ነው።

መጀመሪያ ያነሡት ጠገራ ብር ነበር። የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ፣ መቶ ዓመትም ይለፍ ሁለት መቶ፣ የሚለው 1780 ነው። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ፣ ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር። የእኛ ሰው ስለ ኦስትሪያ ምንም ሳያውቅ ይህችን ሴት ያምናት ነበር። ነጋዴ በጸጉር ጌጧ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥራል፣ በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ይዳብሳል፤ አንዱ ከጎደለ ወይም ከደበዘዘ አይቀበልም። ምስሉ የንግሥት ክብር አልነበረም፤ ማረጋገጫ ነበር። ቀኑ ያልተቀየረውም ገበያው እንዲቀየር ስላልፈለገ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. የራሳቸው ብር እንዲመታ ሲያውጁ ይህን ያውቁ ነበር። ፓሪስ ላይ የተመታው፣ 1887 ዓ.ም. የተጻፈበት ብር ክብደቱ ከጠገራው እኩል ነው። በአንድ ገጽ ዘውድ የደፉት ንጉሥ፣ በሌላው አንድ እግሩን ያነሣ፣ ባንዲራ የያዘ አንበሳ። ለአንድ ነጻ መንግሥት የሚገባ፣ ያማረ ሥራ ነው፤ እኛም በእጃችን ስንይዘው ኮራን። የጊዜው ገበያ ግን አልኮራም። ብዙው ነጋዴ የንጉሡን ብር ከጠገራው እኩል ለማየት አልፈለገም፣ ለዝርዝርም በየቦታው አሞሌ ጨው መሄዱ አልቀረም። በ1890ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ላይ የገንዘብ መምቻ ቤት ቢቋቋምም ጠገራውን አላባረረውም።

ጣሊያኖችም ሞክረዋል። ኤርትራ ላይ በመጀመሪያ የንጉሣቸውን የኡምቤርቶን ምስል ያለበት ታለሮ አወጡ፤ አልሄደላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1918 ደግሞ ማሪያ ቴሬዛን የምትመስል ሴት ሥለው አወጡ። መምሰል ግን መሆን አይደለም፤ ያንንም ገበያው መለሰው። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ሊወሩን ሲዘጋጁ፣ የማሪያ ቴሬዛን መምቻ ራሱን ከቪየና አስመጥተው ሮም ላይ መቱ። ጦር የያዘ መንግሥት እንኳ የነጋዴን ዓይን ማታለል አቅቶት ዋናውን ፍለጋ ሄደ ማለት ነው። (ጋሼ ይህን ሲነግሩን እንደ ድል አድርገው ነው የሳቁት፤ እኛም አብረን ሳቅን።)

ቀጥሎ ከቆርቆሮው የወጣው ሳንቲም ግን ይህን ሁሉ ወደ ናይሮቢ አመጣው። አንበሳ ቆሞ፣ ከኋላው ተራራ። በሌላው ገጽ የእንግሊዝ ንጉሥ። የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ ለኬንያ፣ ለኡጋንዳና ለታንጋኒካ የወጣ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ከኬንያ በኩል የገባው የእንግሊዝ ጦር ይህንኑ ገንዘብ ይዞ መጣ፤ ለጥቂት ዓመታትም አዲስ አበባ ላይ ሕጋዊ ገንዘብ ሆኖ ሠራ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የልደት ቀን፣ አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ ምንዛሬው ለአንድ ብር ሁለት ሽልንግ ሆነ። ግማሽ ብር አንድ ሽልንግ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ሃምሳ ሳንቲምን ዛሬም «ሽልንግ» የምትለው ለዚህ ነው። ስንቶቻችን ናይሮቢ መጥተን «ሺሊንጊ» ስንሰማ ይህ ቃል ከቤት ያመጣነው እንደሆነ አስበናል? ቃሉ ከእኛ በፊት ያንኑ መንገድ ሄዶ ነበር፤ ከዚህ ወደዚያ።

በዚያው ጊዜ የወጡት ሳንቲሞች 1936 ዓ.ም. የሚል ተጽፎባቸዋል። በአንድ በኩል ንጉሡ፣ በሌላው ዘውድ የደፋና መስቀል የያዘ አንበሳ። አንድ፣ አምስት፣ አሥርና ሃያ አምስቱ መዳብ፣ ሃምሳው ብር። አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ላይ የተመቱ ናቸው። እዚህ ላይ ያጠፉት ጥፋት ነው ለእኛ ልጅ ትልቁን ትምህርት የሰጠው። ሃያ አምስቱ፣ ማለትም ስሙኒው፣ ክብ ነበር፤ በመጠንም በሥዕልም ከሽልንጉ ጋር ይቀራረባል። ብልጦች መዳቡን ስሙኒ በብር እየቀቡ ሽልንግ ነው ብለው ማሳለፍ ጀመሩ። በአንድ ቅብ ገንዘባቸውን እጥፍ አደረጉት። በ1940ዎቹ አጋማሽ መንግሥት ክቡን ስሙኒ በሌላ ተካው፤ ንጉሡም አንበሳውም አልተነኩም፣ 1936ም አልተቀየረም፣ ጠርዙ ብቻ እንደ አበባ ቅጠል ገባ ወጣ ያለ ሆነ። ከዚያ በኋላ ማንም ቢቀባው በጨለማ በጣቱ የሚዳብስ ሰው አይታለልም። በክፍሉ ያለን ነጋዴዎች ሁሉ፣ ስለ አንበሳና ኮከብ ስንጨቃጨቅ የቆየን፣ ያችን ጠርዝ እየተቀባበልን ዳሰስናት።

በደርግ ዘመን፣ 1969 ዓ.ም. በሚለው ሳንቲም፣ ንጉሡ ወጡ፣ ዘውዱና መስቀሉም ወጡ፣ አንበሳው ግን ጎፈሩን እንደለበሰ ራሱ ብቻ ቀረ። በሌላው ገጽ አንዱ ሳንቲም ላይ በሁለት በሬ የሚያርስ ገበሬ፣ አሥሩ ላይ ደጋ አጋዘን፣ ሃምሳው ላይ የቆመ ሕዝብ። መንግሥቱ ወድቆም ሥዕሉ አልወደቀም፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላም እነዚያው ገጾች መመታታቸውን ቀጠሉ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው ባለ ሁለት ቀለም አንድ ብርም ያንኑ የአንበሳ ራስ ይዞ በጀርባው ሚዛን ጨመረ። ሳንቲም ወደ ላይ ስንወረውር «ዘውድ ወይስ ጎፈር» የምንለው ሰዎች ግን ዘውዱ ከጠፋ ግማሽ ምዕት ዓመት እንዳለፈ ልብ አንልም።

«እኛ አገርስ?» አለ ልጁ። የእሱ «እኛ አገር» ኬንያ ናት። እዚህም ታሪኩ ከዚያ አይርቅም። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ሳንቲሙ ላይ ጆሞ ኬንያታ ነበሩ፣ ከ1980 ጀምሮ ዳንኤል አራፕ ሞይ፣ በ2003 ለነጻነት 40ኛ ዓመት የወጣው ባለ 40 ሽልንግ ላይ ምዋይ ኪባኪ። ሥልጣን ሲቀየር ፊት ይቀየራል። የ2010ሩ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 231 ይህን ዘጋው፤ ገንዘብ ላይ ኬንያን የሚያመለክት ነገር ይሳላል እንጂ የማንም ግለሰብ ምስል አይወጣም አለ። በታኅሣሥ 2018 የወጡት አዲሶቹ ሳንቲሞች አንዱ ሽልንግ ላይ ቀጭኔ፣ አምስቱ ላይ አውራሪስ፣ አሥሩ ላይ አንበሳ፣ ሃያው ላይ ዝሆን አላቸው። በዓመቱ የወጣው ኖት ላይ ከኬንያታ የስብሰባ ማዕከል ፊት ለፊት ያለው ሐውልት በመታየቱ «ይህም የሰው ምስል ነው» ተብሎ ፍርድ ቤት ድረስ ተሄደ፤ ፍርድ ቤቱ ግን አልተቀበለውም። ለአንድ ሥዕል ይህን ያህል መሟገት ያስቃል የሚል ካለ፣ የእኛን እሑድ አላየም። ለ1987ቱ የመላ አፍሪካ ጨዋታ የተሠራው የሰፈራችን ስታዲየም የሞይን ስም እንደያዘ ነው፤ ከማታቱ በሚሰጠን መልስ ውስጥ ግን የእሳቸው ፊት ከቀጭኔው ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ቀለለን። በኬንያ ሕግ እንሂድ ተባባልን፤ የማንም ሰው ፊት አይኖርም። አንበሳውም ቀረ፤ ቢወደድም እያንዳንዱ ሰው የራሱን ዘመን ያይበታል። በአንድ ገጽ ከ1969ኙ አሥር ሳንቲም የተወሰደ ደጋ አጋዘን ይሆናል፤ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኝ እንስሳ ነው፣ የማንንም ፓርቲ አርማም አያስታውስም። በሌላው ገጽ ሚዛን፣ ከሥሩ የመከታተያው ቁጥር። የወላይታው ወንድማችን «አጋዘኑ የባሌ ነው፣ ለእኔስ?» ብሎ ትንሽ አንገራግሮ ነበር፤ ሚዛኑ የእሱ እንዲሆን ተስማማን። ዓመተ ምሕረት ይጻፍ አይጻፍ የሚለው ላይ ጋሼ «የማይቀየር ይሁን» ብለው 1936ን ሐሳብ አቀረቡ፤ እውነት ስላልሆነ አልተቀበልናቸውም። ልጁ ደግሞ «ሽልንግ» የሚለውን ቃል በሁለቱም ፊደል ሊጽፍ ፈልጎ ነበር፤ ገንዘብ እንዳይመስል ተብሎ ተሰረዘ፣ እኛንም እሱንም ቆጨን።

ጠርዙ ላይ ግን ክርክር አልነበረም። ልጁ ከብስኩት ካርቶን ላይ ገባ ወጣ እያደረገ ቆርጦ፣ የአጋዘኑን ቀንድ በእርሳስ ሥሎ ለጋሼ ሰጣቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ካርቶኑን በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን አንድ ጊዜ አዞሩት።

«ስሙኒ» አሉ።