ዝም ያላሉት የኮርዳሌን ሰዎች

ዛሬ የምተርክላችሁ በሰሜን አይዳሆ፣ በሐይቅ ዳር ስለተቆረቆረች ኮርዳሌን ስለምትባል የአሜሪካ ከተማ ነው። ጥላቻ ደጃቸው ላይ አጥር አጥሮ ሲቀመጥ «ኧረ ይህ ነገር አይሆንም» ብለው ስለተሰባሰቡ ጥቂት ሰዎችም ነው። ዘመኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እነግራችኋለሁ። ታሪኩ የሩቅ አገር ሰው ታሪክ ይመስላል። መካከሉ ላይ ግን የእኛ ልጅ ደም አለበት፤ እዚያ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

በ1970ዎቹ ሪቻርድ በትለር የሚባል ሰው ከካሊፎርኒያ ተነሥቶ ወደዚህ አገር መጣ። በአውሮፕላን ኢንዱስትሪ ውስጥ የሠራ መሐንዲስ ነበር። ከኮርዳሌን በስተሰሜን፣ ሄይደን ሌክ አጠገብ፣ ጫካ ውስጥ 20 ኤከር መሬት ይዞ አጠረ፤ የጥበቃ ማማ አቆመ፤ ቤተ ክርስቲያን ያለውን ሠራ። ድርጅቱን አርያን ኔሽንስ ብሎ ሰየመው። የእግዚአብሔር ሕዝብ ነጭ ብቻ ነው፣ አይሁድ የሰይጣን ዘር ናቸው፣ ጥቁርም ከነጭ እኩል አይቆጠርም ብሎ ይሰብክ ነበር። ያን የአሜሪካን ሰሜን ምዕራብ ከነጭ በቀር ሌላ የማይኖርበት አገር ማድረግ ነበር ምኞቱ። በጋ በመጣ ቁጥር ተከታዮቹ ከየክፍለ ግዛቱ እየተጠራሩ እዚያ አጥር ውስጥ ይሰበሰባሉ።

የከተማው ሰውስ ምን አለ? ብዙው «ተዉአቸው፤ በጫካቸው ይቀመጡ፤ ስማቸውን ባነሣን ቁጥር ነው የሚገንኑት» አለ። ይህን ያሉት ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ንግዳቸው፣ እንግዳቸው፣ የከተማቸው ስም አሳስቧቸው ነው። ይህን ምክር እኛም እናውቀዋለን። ጎረቤት ላይ በዘሩ ስድብ ሲወርድበት እየሰማን በራችንን ገርበብ አድርገን «ያልፋል» ያልንባቸው ቀኖች ጥቂት አይደሉም። የሚያልፈው ግን ያልተነካው ሰው ላይ ነው፤ የተነካው ሰው ጋ ነገሩ ይቀመጣል።

በ1980 መጨረሻ ሄይደን ውስጥ የአንድ አይሁዳዊ ምግብ ቤት ግድግዳ አድሮ የናዚ ምልክትና ስድብ ተቀብቶበት ተገኘ። ያን ጊዜ ጥቂት ሰዎች ለመምከር ተጠራሩ። በ1981 የኩትኒ ካውንቲ የሰብዓዊ ግንኙነት ግብረ ኃይል የሚባለው ኮሚቴ እንዲህ ተወለደ። እነማን ነበሩ ብትሉኝ፣ ቄስ አለበት፣ የቤት ደላላ አለበት፣ ኖርም ጊስል የሚባል ጠበቃ አለበት፣ በሰሜን አይዳሆ ኮሌጅ ፖለቲካ የሚያስተምር ቶኒ ስቱዋርት አለበት። ከካውንቲው ሸሪፍ ቢሮም ስለ በትለር ሰዎች ጠንቅቆ የሚያውቅ መኮንን አብሯቸው ቆመ። ደመወዝ የሚከፈለው አንድም ሰው የለም። የተሠራው ሥራ ሁሉ የበጎ ፈቃድ ሥራ ነበር።

ወዲያው ፈተና መጣባቸው። በኮርዳሌን የምትኖር አንዲት ነጭ እናት፣ አባታቸው ጥቁር የሆኑ ልጆች ነበሯት። የነጭ የበላይነት አራማጅ የሆነ አንድ ሰው ልጆቹን ማስፈራራት ጀመረ፤ ይከታተላቸዋል፣ ይዝትባቸዋል። ሕግ ሲጠየቅ ግን ሕጉ ነገሩን እንደ ቀላል ጥፋት ነው የሚያየው። የኮሚቴው ሰዎች በመጀመሪያ ከእናቲቱ ጎን ቆሙ። ይህን በቅድሚያ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። እንዲህ ዓይነት ስብሰባ ብዙ ጊዜ መግለጫ በማውጣት ይጀምራል፤ የተበደለውም ሰው ስለ እሱ የተጻፈውን መግለጫ ቤቱ ብቻውን ተቀምጦ ያነበዋል። እነዚህ ግን ከሰው ጀመሩ፤ ከሰው ወደ ሕግ ሄዱ። ወደ ዋና ከተማው ወደ ቦይሲ ዘልቀው፣ ወግ አጥባቂ ለሆነው ምክር ቤት ጉዳዩን አስረዱ። በ1983 አይዳሆ አዲስ ሕግ አወጣች፤ ሰውን በዘሩ፣ በቀለሙ፣ በሃይማኖቱ ወይም በትውልድ አገሩ ምክንያት አስፈራርቶ መጉዳት፣ ንብረቱንም ማበላሸት እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ከባድ ወንጀል ሆነ። ጥቂት የአንድ ካውንቲ ሰዎች የክፍለ ግዛቱን ሕግ አስለወጡ!

ኮሚቴው ሲጠነክር ጠላቱም ጠነከረ። በ1986 ሊቀ መንበሩ ቢል ዋስሙዝ የተባሉ የካቶሊክ ካህን ነበሩ። ሴፕቴምበር 15 ማታ ቤታቸው ውስጥ ስልክ ይዘው ሲነጋገሩ፣ ከጓሮ በር በኩል የተጠመደባቸው ፈንጂ ፈነዳ። ቤቱ ተጎዳ፤ እሳቸው ተረፉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ በከተማይቱ ልዩ ልዩ ቦታዎች ፈንጂ ፈነዳ፤ አንዱ የፌዴራል መንግሥቱ ሕንፃ ነበር። ደግነቱ የሞተ ሰው የለም። አድራጊዎቹ ከአርያን ኔሽንስ ጋር የነበሩ ሰዎች መሆናቸው ታውቆ ተፈረደባቸው። እኒያ ካህን ያን ማታ ያስተማራቸውን ይዘው በኋላ ክህነቱን ትተው ወደ ሲያትል ሄዱና፣ የአምስት ክፍለ ግዛቶችን የፀረ ጥላቻ ኅብረት መሩ። በ2002 ሞቱ። ከፈንጂው በኋላ የኮርዳሌን ሰው ዝምታውን መተው ጀመረ፤ በ1987ም ከተማይቱ በራውል ዋለንበርግ ስም የሚሰጠውን ሽልማት ተቀበለች።

አሁን ወደ 1998 እንለፍ። አርያን ኔሽንስ በኮርዳሌን ዋና መንገድ ባንዲራውን ይዞ ሊሰለፍ ፈቃድ አገኘ። ወጣቱ «ወጥተን እንግጠማቸው» አለ። ኮሚቴው ግን ከጥንቱ የያዘው አቋም ነበረው፤ በመንገድ ላይ ፊት ለፊት አትግጠሟቸው፣ ዝምም አትበሉ። ታዲያ ምን አደረጉ? ሰልፉ ለሚቆይበት ለእያንዳንዱ ደቂቃ ገንዘብ ለመስጠት ሰው ቃል እንዲገባ ጠየቁ። ሰልፈኛው በተራመደ ቁጥር የሰብዓዊ መብት ሥራ ሣጥን ይሞላል ማለት ነው። ሰልፉ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ አበቃ፤ ከ30,000 ዶላር በላይ ተሰበሰበ። እኔ በዚህ ትረካ ውስጥ ከማንኛውም የበለጠ የምወደው ይህን ነው። ቁጣን አላፈኑትም፤ ሥራ ሰጡት።

ሰልፉ በተካሄደበት ወር መጀመሪያ ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። እናትና ወጣት ልጇ ማታ በመኪና በአርያን ኔሽንስ ግቢ አጠገብ ያልፋሉ። ከመኪናቸው የወጣ ድምፅ ጥበቃዎቹን የተኩስ ድምፅ መሰላቸው። በመኪና አሳደዷቸው፣ ተኮሱባቸው፣ ጎማቸውን መትተው ቦይ ውስጥ ጣሏቸው፣ ደበደቧቸው፣ ጠመንጃም ደገኑባቸው። ሌላ መኪና ሲመጣ ነው ትተዋቸው የሄዱት። ጠበቃ ጊስል ስልክ አንሥቶ አላባማ ላለው ጠበቃ ለሞሪስ ዲስ ደወለ።

ለምን ለሞሪስ ዲስ? የእኛ ልጅ ነገር እዚህ ላይ ነው የሚገባው።

ሙሉጌታ ሥራው ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄዶ በኦሪገን፣ በፖርትላንድ የሚኖር የ28 ዓመት ኢትዮጵያዊ ነበር። እየሠራ የሚማር፣ አገር ቤት ልጅ ያለው ወጣት። በ1988 ኖቬምበር 13 ሌሊት ሁለት ኢትዮጵያውያን ጓደኞቹ በመኪና ቤቱ በር አድርሰውት ሳለ፣ ራሳቸውን የተላጩ ነጭ ወጣቶች ደረሱባቸው። በመንገድ ይገባኛል የተጀመረው ጠብ በቤዝቦል ዱላ አለቀ። ሙሉጌታ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ። ገዳዮቹ ታሰሩ። አጎቱ እንግዳው ብርሃኑ ግን በዚያ አላቆመም። ሞሪስ ዲስ የሙሉጌታን ቤተሰብ ወክሎ፣ ዱላውን የያዙትን ብቻ ሳይሆን በካሊፎርኒያ ተቀምጦ ሰው እየላከ ወጣቶቹን ያደራጀውን ቶም ሜትስገርንም ከሰሰ። ሜትስገር ያን ሌሊት ፖርትላንድ አልነበረም። በ1990 ግን የፖርትላንድ ዳኞች ለሙሉጌታ ቤተሰብ የ12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረዱ። ሜትስገር ቤቱን አጣ። የሙሉጌታ ልጅ ከገንዘቡ የደረሰው ጥቂት ነው፤ ሆኖም ተምሮ አውሮፕላን አብራሪ ሆነ።

የኮርዳሌን ኮሚቴ የፈለገው ያንኑ መንገድ ነው። የሚተኩሰውን ጥበቃ ማሰር አንድ ነገር ነው፤ ጠመንጃ አስታጥቆ፣ ሳይመረምር፣ ሳይቆጣጠር ያቆመውን አለቃ መጠየቅ ግን ሌላ። በ2000 ሴፕቴምበር፣ በኮርዳሌን ፍርድ ቤት፣ ከዚያው ካውንቲ የተመረጡ ዳኞች ለእናትና ልጅ የ6.3 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረዱ። ከኒውዮርክ ወይም ከዋሽንግተን የመጣ ፍርድ አልነበረም፤ የበትለር ጎረቤቶች ናቸው የፈረዱበት። ድርጅቱ ኪሣራ አወጀ፤ ግቢው ተሸጠ። ግሬግ ካር የሚባል የአይዳሆ ተወላጅ መሬቱን ገዝቶ፣ ሕንፃዎቹ ፈርሰውና ተቃጥለው ማማውም ወድቆ፣ ለሰሜን አይዳሆ ኮሌጅ ፋውንዴሽን ሰጠው። በትለር በኋላ የሄይደን ከንቲባ ልሁን ብሎ ተወዳደረ፤ በሰፊ ልዩነት ተሸነፈ። በ2004 ሞተ።

እዚህ ላይ ታሪኩ አለቀ ብዬ ብናገር ደስ ይለኝ ነበር። አላለቀም። በ2022 ጁን፣ በከተማይቱ መናፈሻ የግብረ ሰዶማውያን በዓል በሚከበርበት ቀን፣ ፊታቸውን የሸፈኑ 31 የነጭ የበላይነት አራማጆች በአንድ የጭነት መኪና ተጭነው ሲመጡ ተያዙ። በ2024 ማርች ደግሞ የዩታ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ለውድድር መጥቶ ኮርዳሌን ሆቴል ይዞ ነበር። ልጆቹ እራት ሲሄዱና ሲመለሱ ከመኪና ውስጥ በጥቁርነታቸው ተሰደቡ፤ ደንግጠውም ማረፊያቸውን ቀየሩ። ከንቲባው፣ የፖሊስ አዛዡና የኮሚቴው ሰዎች አንድ ላይ ቆመው በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ፤ ከቡድኑ ጎን መቆማቸውንም ተናገሩ። የከተማው ዓቃቤ ሕግ ግን ጉዳዩን መርምሮ በሕግ የሚያስከስስ አይደለም አለ፤ ክስ አልተመሠረተም።

ይህ ውሳኔ ያበሳጨኛል፤ መነሻው የንግግርን ነፃነት አጥብቆ የሚጠብቅ የአሜሪካ ሕግ መሆኑንም አውቃለሁ። ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ፖሊስ እንዳለው፣ ስድቡን መጮሁን ያመነው የ18 ዓመት የአካባቢው ተማሪ ነው። የበትለር ግቢ ሲቃጠል ገና አልተወለደም፤ በዚያ አጥር ውስጥ ገብቶ አልተሰበከም። ቃሉን ያገኘው ከሌላ ቦታ ነው፤ ምናልባት ከስልኩ፣ ምናልባት ከማዕድ ላይ። ኮሚቴው በየዓመቱ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ሲደርስ የአምስተኛ ክፍል ልጆችን ሰብስቦ ያስተምራል። ልጁ ያን ጊዜ ከነሱ መካከል ተቀምጦ ይሆን? ከአምስተኛ ክፍል እስከ አሥራ ስምንት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥስ ማን ነበር አጠገቡ? በ1981 ምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ስላዩት ነገር ለመምከር የተጠራሩት ሰዎች ዛሬ ቢሰበሰቡ የስብሰባቸው መጀመሪያ ይህ ጥያቄ ይሆን ነበር፤ ወራሾቻቸውም ከዚህ መጀመር አለባቸው።