ከዘመነ ጽጌ እስከ ጾመ ነቢያት፦ በመከራ ጊዜ ስለሚያጸና ክርስቲያናዊ ተስፋ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ቤተ ክርስቲያን በዘመነ ጽጌ ላይ ነበረች። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን በሚዘልቀው በዚህ ወቅት እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ልጇን ታቅፋ ከሄሮድስ ሰይፍ ወደ ግብፅ መሰደዷ በማኅሌት ይታሰባል። በእነዚያ ቀናት ከራያ፣ ከቆቦና ከወልድያ ተፈናቅለው በደሴ ተጠልለው የነበሩ ወገኖቻችን ዳግመኛ ለስደት ተነሡ። ብዙ የከተማው ነዋሪዎችም ልጆቻቸውን አዝለውና አረጋውያንን ደግፈው፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ አቀኑ። መሄድ ያልቻሉት ደግሞ በየቤታቸው በራቸውን ዘግተው ቀሩ።

ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት ገባ። ይህ ጾም ነቢያት የመድኃኒታችንን መምጣት በናፍቆት የጠበቁበትን ዘመን የምናስብበት ነው። ከተሞቹ ከውጊያ ያረፉት በዚሁ ጾም ውስጥ፣ በኅዳር ወር መጨረሻ ነበር። የተመለሱት ሰዎች ግን የጠበቃቸው ደስታ ብቻ አልነበረም። የተዘረፈ ሆስፒታል፣ ባዶ የቀረ መጋዘን፣ ሥራ ያቆመ ፋብሪካ፣ ከዚህም በላይ የማይመለስ የሰው ሕይወት ጠበቃቸው። በዚያን ጊዜ የተነሣው ጥያቄ ዛሬም በብዙዎች ልብ አለ። እንዲህ ካለው መከራ በኋላ ክርስቲያን በምን ተስፋ ያደርጋል?

ተስፋ ምንድን ነው?

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ጸንተው ከሚኖሩት ከሦስቱ አንዱ አድርጎ ተስፋን ከእምነትና ከፍቅር ጋር ይቆጥረዋል (1ኛ ቆሮ. 13፥13)። ተስፋ ምኞት አይደለም። ምኞት ነገሮች እንደ ፈቃዳችን እንዲሆኑ መፈለግ ነው፤ ያሰብነው ሲቀር አብሮ ይቀራል። ተስፋ ግን በእግዚአብሔር ታማኝነት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ቤት ሲፈርስ አብሮ አይፈርስም። ስለዚህም ሐዋርያው ተስፋን ከነፍስ መልሕቅ ጋር ያመሳስለዋል (ዕብ. 6፥19)። መልሕቅ ማዕበሉን ጸጥ አያደርገውም፤ መርከቢቱ ግን በማዕበሉ እንዳትወሰድ ይይዛታል።

ይኸው ሐዋርያ መከራ ትዕግሥትን፣ ትዕግሥትም ተፈትኖ መጽናትን፣ መጽናትም ተስፋን እንደሚያስገኝ ያስተምራል (ሮሜ 5፥3-5)። ይህ መከራ በራሱ መልካም ነው ማለት አይደለም። ክፉ ነገር ክፉ ነው። ነገር ግን በእግዚአብሔር እጅ ያለ ሰው ከክፉው ውስጥ እንኳ የጸና ልብ ይዞ ሊወጣ ይችላል።

መከራ የደረሰባቸው ከሌሎች ይልቅ ኃጢአተኞች ናቸውን?

ከጦርነቱ በኋላ አንዳንዶች የተጎዱትን ሰዎች «ምን ቢበድሉ ነው?» ሲሉ ተሰምተዋል። ይህ አነጋገር የተሰበረውን ዳግመኛ ይሰብራል። ጌታችን ስለተገደሉት የገሊላ ሰዎችና የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር፣ ከሌሎች ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ገልጾ፣ የሰሙትን ሁሉ ግን ወደ ንስሐ ጠርቷል (ሉቃ. 13፥1-5)። ስለዚህ የሌላው መከራ ራሳችንን እንድንመረምር ያነሣሣናል እንጂ በሌላው ላይ እንድንፈርድ አያሠለጥነንም። የኢዮብ ወዳጆችም የተወቀሱት የታመመውን ጻድቅ በደለኛ ስላደረጉት ነው።

ማዘን ተስፋ መቁረጥ አይደለም

ጌታችን በአልዓዛር መቃብር አጠገብ እንባውን አፍስሷል (ዮሐ. 11፥35)፤ ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ አለቀሰ። ስለዚህ ልጇን ያጣች እናት ብታለቅስ «እምነትሽ ጎደለ» ልትባል አይገባም። ሐዋርያው የከለከለው ኀዘንን ሳይሆን ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች ማዘንን ነው (1ኛ ተሰ. 4፥13)። ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት የምታደርሰው፣ በ40 ቀን በጸሎትና በተዝካር የምታስበው፣ ሞት የመጨረሻው ቃል ስላልሆነ ነው። በሁከት ውስጥ ሳይፈታላቸው የተቀበሩ ወገኖች ያሏችሁም ወደ ካህናት ቀርባችሁ ጸሎቱ እንዲደረግላቸው ብትጠይቁ የሚረፍድ ነገር የለም።

ተስፋ በሥራ ይገለጣል

ነቢዩ ኤርምያስ በዘበኞች አደባባይ ታስሮ፣ ኢየሩሳሌምም በባቢሎን ሠራዊት ተከባ ሳለች፣ እግዚአብሔር በዓናቶት ያለውን እርሻ እንዲገዛ አዘዘው። ነቢዩም 17 ሰቅል ብር መዝኖ ገዛ፤ የውሉንም ደብዳቤ ለብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ አስቀመጠው (ኤር. 32)። ጠላት በያዘው ምድር እርሻ መግዛት በሰው ዓይን ሞኝነት ነበር። ለነቢዩ ግን በዚያ ምድር ዳግመኛ ቤትና ወይን እንደሚኖር መመስከሪያ ነበር።

በደሴና በኮምቦልቻም ከዘረፋው በኋላ የሱቁን በር ጠግኖ የከፈተ ነጋዴ፣ በተሰባበረ ወንበር ላይ ተማሪዎቹን ሰብስቦ ያስተማረ መምህር፣ መድኃኒት በጎደለበት ክፍል ሕሙማንን የተቀበለች ነርስ ከዚህ የነቢዩ ሥራ ተካፍለዋል ብንል አንሳሳትም። ተስፋ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለምና።

የወሎ ምድርም ይህን ትምህርት ከሩቅ ዘመን ጀምሮ ያውቀዋል። ከደሴ በስተሰሜን የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ብዙ ደቀ መዛሙርትን ያፈራበት፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነት ተዘርፏል፤ ጸሎቱ ግን እስከ ዛሬ አለ። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ወገኖቻችን በየመንገዱ ወድቀዋል፤ የተረፉት ግን እንደገና አርሰው ዘርተዋል፤ ልጆችም አሳድገዋል።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከጸሎትና ከምሥጢራት አንራቅ። መከራ ብቻችንን እንድንሆን ይገፋፋናል፤ ቅዳሴና ቅዱስ ቁርባን ግን ወደ አንድ አካል ይሰበስቡናል። በልባችን ቂም ወይም ጭንቀት የከበደብንም ለንስሐ አባታችን እንግለጥ። ሕመሙ በሕክምና የሚረዳ ከሆነ ወደ ሐኪም መሄድ ከእምነት ጋር አይጋጭም።

ሁለተኛ፣ የተጽናናንበትን መጽናናት ለሌላው እናካፍል (2ኛ ቆሮ. 1፥4)። የጽዋ ማኅበራችን ከዝክሩ ቀን አልፎ የሟች ቤተሰብን፣ አሳዳጊ ያጣ ልጅንና ተፈናቃይን ስም ዘርዝሮ ይያዝ። ለተራበ ሰው «ደህና ሁን» ብቻ ብሎ መሸኘት እንደማይጠቅም ቅዱስ ያዕቆብ ነግሮናል (ያዕ. 2፥15-16)። በወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም በለቅሶም በደስታም አብረው የኖሩ ናቸውና እርዳታችን የጎረቤትን ሃይማኖት አይጠይቅ።

ሦስተኛ፣ መከራችንን ገበያ ከሚያደርጉት እንጠንቀቅ። ፈጣን ብልጽግናን በገንዘብ ልክ የሚያውጁ ሰዎች የሚሸጡት ምኞትን ነው። የቤተ ክርስቲያን ተስፋ አይሸጥም፤ በመስቀል በኩል አልፎ ወደ ትንሣኤ ይደርሳል።

የእመቤታችን ስደት በግብፅ አልቀረም፤ የነቢያትም ጾም በልደት ይፈጸማል። ዛሬም ክልላችን ፈጽሞ ባላረፈበት ጊዜ ዘመነ ጽጌ ሲመጣ የተሰደዱትን፣ ጾመ ነቢያት ሲገባ የሚጠባበቁትን በስማቸው እያነሣን እንጸልይ። ስደተኛውን ሕፃን የጠበቀ አምላክ ለተፈናቀሉት መመለስን፣ ላዘኑት መጽናናትን፣ ለሀገራችን ሰላምን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።