ስፒናች፣ ጭፈራና የምርጫ ሣጥን፦ የክሪስታል ሲቲ የትምህርት ቤት ቦርድ ታሪክ

ስለ አሜሪካ ምርጫ ሲወራ የሁላችንም ሐሳብ የሚሮጠው ወደ ዋይት ሐውስ ነው። ኦሃዮ ወዴት አዘነበለች፣ ፍሎሪዳ ማንን መረጠች እያልን ሌሊቱን ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠን የምናነጋ ብዙ ነን። እዚያች አገር ውስጥ ግን ማንም ከምንም የማይቆጥረው ሌላ ምርጫ አለ። በአሜሪካ 13 ሺህ ገደማ የትምህርት ዲስትሪክቶች ሲኖሩ አብዛኞቹ የሚመሩት ሕዝብ በሚመርጠው ቦርድ ነው። ቦርዱ ዋና ሥራ አስኪያጁን ይቀጥራል፣ ያባርራል። በጀት ያጸድቃል። አስተማሪ የሚቀጠርበትን ደንብ ያወጣል። ሕፃናቱ ምሳ ስለሚበሉት ነገር እንኳ ቃሉ አለበት። ለዚህ ሁሉ ሥልጣን ድምፅ ለመስጠት የሚወጣው ሰው ግን ጥቂት ነው። ጥቂት ሰው የሚመርጥበት ምርጫ ደግሞ ጥቂት ሰው ጠቅልሎ ሊይዘው የሚችል ምርጫ ነው። ተገላቢጦሹም እውነት ነው፤ የተናቁ ሰዎች ተደራጅተው አንድ ቀን ሊነጥቁት ይችላሉ። በደቡብ ቴክሳስ፣ በዛቫላ ካውንቲ የምትገኝ ክሪስታል ሲቲ የምትባል ትንሽ ከተማ ሁለቱንም አይታለች። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ክሪስታል ሲቲ ራሷን የዓለም የስፒናች ዋና ከተማ ብላ የምትጠራ፣ ስፒናች እየበላ ጡንቻው ለሚያብጠው ለፖፓይ በ1937 ሐውልት ያቆመች ከተማ ናት። በ1960ዎቹ 9 ሺህ ገደማ ሕዝብ ነበራት። ከአምስት ሰው አራቱ ሜክሲኮ-አሜሪካዊ ነው። ስፒናቹን የሚለቅሙት እነሱ፣ በፋብሪካው በቆርቆሮ የሚያሽጉትም እነሱ ናቸው። ጸደይ ሲገባ ቤተሰቡ በሙሉ በጭነት መኪና ተጭኖ እርሻ ፍለጋ ወደ ሰሜን ይሰደዳል፤ ልጆቹም ትምህርቱን ሳይጨርሱ ይሄዳሉ፣ ክፍል ከተጀመረ በኋላ ይመለሳሉ። መሬቱ፣ ባንኩ፣ የከተማው ምክር ቤትና የትምህርት ቤቱ ቦርድ ግን በጥቂቶቹ ነጮች እጅ ነበር።

አራት እጅ የሆነ ሕዝብ በአንድ እጅ ሰው እንዴት ይገዛል? መልሱ ወታደር አልነበረም። ለመምረጥ በቅድሚያ ግብር መክፈል ነበረብህ፤ በቴክሳስ 1 ዶላር ከ75 ሳንቲም። በስፒናች ማሳ ላይ ለሚውል ሰው ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። በዚያ ላይ የምትሠራው ለነጩ፣ የምትበደረው ከነጩ ነው። ማንን እንደደገፍክ ከታወቀ ነገ ሥራ የለህም። እንዲህ ያለ አገር ውስጥ ምርጫውን ማጭበርበር አያስፈልግም።

የመጀመሪያው ግርግር የተነሳው በ1963 ነው። የፋብሪካው ሠራተኞች ማኅበርና ፓሶ የተባለ የፖለቲካ ድርጅት ሰዉን አስተባብረው የምርጫውን ግብር አስከፈሉ። አምስት ሜክሲኮ-አሜሪካውያን ለከተማው ምክር ቤት ተወዳደሩና አምስቱንም ወንበር ወሰዱ። አገር ጉድ አለ። ደስታው ግን ሁለት ዓመት ብቻ ነበር የቆየው። ተመራጮቹ ድሆችና ልምድ የሌላቸው ነበሩ፤ በኑሯቸው ተጠቁ፣ እርስ በርስም ተጣሉ። በ1965 ነጮቹ ሻል ያለ ኑሮ ካላቸው ሜክሲኮ-አሜሪካውያን ጋር ተጣምረው ምክር ቤቱን መልሰው ያዙት። ወንበር መያዝና ወንበር ላይ መቆየት ለየቅል መሆናቸውን ከተማዋ ያኔ ተማረች። ከተማሩት መካከል በ1963 ዘመቻ የተሳተፈ ሆሴ አንሄል ጉቲዬሬዝ የሚባል የዚያው ከተማ ወጣት ነበር።

ጉቲዬሬዝ ሳን አንቶኒዮ ሄዶ የፖለቲካ ሳይንስ ተምሮ፣ በ1967 ከጓደኞቹ ጋር ማዮ የተባለ የወጣቶች ድርጅት መሥርቶ ሲመለስ የጠበቀው የጭፈራ ጉዳይ ነው። አዎ፣ ጭፈራ! በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የእግር ኳሱን ቡድን እየጨፈሩ የሚያደፋፍሩ ልጃገረዶች አሉ፤ ቺርሊደር ይባላሉ። በክሪስታል ሲቲ ሁለተኛ ደረጃ ከተማሪው የሚበዛው ሜክሲኮ-አሜሪካዊ ሆኖ ሳለ ከአራቱ ቺርሊደሮች ሜክሲኮ-አሜሪካዊ የምትሆነው አንዷ ብቻ ነበረች። መራጮቹ ነጭ አስተማሪዎች ናቸው። በ1969 ደግሞ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ለምታጌጠው ንግሥት መስፈርት አወጣ፤ ከወላጆቿ ቢያንስ አንዱ ከዚያው ትምህርት ቤት የተመረቀ መሆን አለበት። ልብ በሉ፣ ደንቡ ስለ ዘር አንዲት ቃል አይናገርም። ግን የስፒናች ለቃሚ ልጅ አባት ከየት አምጥቶ ይመረቃል? አያትን ከትምህርት ያስቀረ ሥርዓት የልጅ ልጅን በዚያው ምክንያት ከውጭ ያስቀራል።

ተማሪዎቹ አቤቱታ ጻፉ። ሴቬሪታ ላራ የተባለች ተማሪ ከግንባር ቀደሞቹ አንዷ ነበረች። ጥያቄው ከጭፈራ አልፎ ሄደ። በግቢው ውስጥ ስፓኒሽ መናገር እንዳያስቀጣ፣ ትምህርት በሁለት ቋንቋ እንዲሰጥ፣ ሜክሲኮ-አሜሪካዊ አማካሪ እንዲቀጠር ጠየቁ። ቦርዱ ሊሰማቸው አልፈቀደም። ዲሴምበር 9 ቀን 1969 ከክፍል ወጡ። ከሁለተኛ ደረጃ የጀመረው ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ወርዶ አድማው ከ1,000 በላይ ተማሪ ጠራ። ይህ የልጆች ጨዋታ አልነበረም፤ ቴክሳስ ለዲስትሪክቶች ገንዘብ የሚሰጠው በየቀኑ ክፍል የሚገኘው ተማሪ እየተቆጠረ ነው። ባዶ ወንበር ቦርዱን ኪሱን ይነካው ነበር። ወላጆች ከልጆቻቸው ጎን ቆሙ። ሦስት ተማሪዎች ዋሽንግተን ድረስ ሄደው ሴናተሮችን አነጋገሩ። ልጆቹ ከትምህርት እንዳይጎድሉ በገና ዕረፍት ከሌላ ከተማ የመጡ በጎ ፈቃደኛ አስተማሪዎች አስተማሯቸው። የፌዴራሉ ፍትሕ መሥሪያ ቤት አደራዳሪዎች ላከ። በጃንዋሪ 1970 ቦርዱ አብዛኛውን ጥያቄ ተቀበለ።

ብዙ ንቅናቄዎች እዚህ ላይ ያበቃሉ። ጥያቄ ተመለሰ ተብሎ ይጨበጨባል፣ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል፤ ጥያቄውን የመለሰው አካል ግን ወንበሩ ላይ ነው፤ አንድ ዓመት ቆይቶ የሰጠውን መልሶ ሊወስድ ይችላል። የክሪስታል ሲቲ ሰዎች ወደ ቤታቸው አልገቡም። በዚያው ወር ላ ራሳ ዩኒዳ የተባለ ፓርቲ መሠረቱ። በኤፕሪል 1970 ከሰባቱ የቦርድ ወንበሮች ሦስቱ ለምርጫ ሲቀርቡ ጉቲዬሬዝ፣ አርቱሮ ጎንዛሌስና ሚጌል ፔሬዝ አሸነፉ። ቀድሞ ከነበሩት አንድ አባል ወደ እነሱ ሲያዘነብል አራት ሆኑ። አራት ለሦስት! ጉቲዬሬዝ በ25 ዓመቱ የቦርዱ ሊቀመንበር ሆነ። በዚያው ሰሞን በተደረገው የከተማው ምክር ቤት ምርጫም ሁለት ወንበር አገኙ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የቦርድን ሥልጣን ያሳያል። የሁለት ቋንቋ ትምህርት ተጀመረ። ሜክሲኮ-አሜሪካውያን አስተማሪዎችና ኃላፊዎች ተቀጠሩ። ለልጆች ነፃ ቁርስ ቀረበ። የፌዴራል ገንዘብ በሰፊው መጣ። የሜክሲኮ-አሜሪካውያን ታሪክ ክፍል ውስጥ ገባ።

ዋጋም ነበረው። ብዙ ነጭ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ከዲስትሪክቱ አስወጡ፤ ነጭ አስተማሪዎችም ለቀቁ። ትምህርት ቤቱን ያሸነፈው ወገን ባንኩንና መሬቱን አላሸነፈም። የተማረው ሰው እየበዛ ሲሄድ ደግሞ ትምህርት ቤቱ የከተማዋ ትልቅ ቀጣሪ ስለነበር፣ ማን ተሾመ ማን ቀረ የሚለው ጭቅጭቅ ወዳጆችን ለያየ። በ1975 ፓርቲው በተወለደበት ከተማ ተሰነጠቀ። በ1972 ለቴክሳስ ገዥነት ተወዳድሮ 6 በመቶ ገደማ ድምፅ ያገኘ ፓርቲ አሥር ዓመት ሳይሞላው ከሰመ። በ1974 የካውንቲው ዳኛ ሆኖ የተመረጠው ጉቲዬሬዝም በ1981 ሥልጣኑን ለቀቀ።

እንግዲህ ከሸፈ እንበል? አንዳንዶች ይላሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። ፓርቲው ሞተ፤ በግቢው ውስጥ ስፓኒሽ ስለተናገረ የሚቀጣ ልጅ ግን ተመልሶ አልመጣም። ሴቬሪታ ላራ ከብዙ ዓመታት በኋላ የዚያችው ከተማ ከንቲባ ሆናለች። በእርግጥ ውድቀቱም ትምህርት ነው። አንድ ጠላት ያስተባበረው ሕዝብ ጠላቱ ሲሄድ ሥራ ማከፋፈል ላይ ይጣላል። ወንበር ከመያዙ በፊት ሥራው በምን መስፈርት እንደሚሰጥ ካልተስማሙ፣ የትናንቱ ተበዳይ የዛሬ አድላዊ ለመሆን ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

ይህን ጽሑፍ ከሜሪላንድ ወይም ከቨርጂኒያ ለምታነቡ አንድ ነገር ልጨምር። በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚልኩትን ማስታወቂያ በአማርኛም ይተረጉማሉ። ያ ወረቀት ከሰማይ አልወረደም፤ በጀት የተያዘለት፣ በጀቱም በቦርድ የጸደቀ ነው። ዜግነት ያገኘው ወገናችን በየአራት ዓመቱ ለፕሬዚዳንት ይሰለፋል። በዚያው ወረቀት ግርጌ፣ የልጁን አስተማሪና የልጁን ቋንቋ የሚወስኑት ሰዎች ስም ሲደርስ ግን አያውቃቸውምና ባዶውን ይተወዋል። የክሪስታል ሲቲ ነጮች ለአሥርት ዓመታት የኖሩት በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ነበር።