«ዐሳ» እና «ዐዶ»፦ የሁለት ቅጽሎች አመጣጥና አነባበብ

በአዋሽ ሸለቆ፣ ወደ ሚሌ በሚወስደው ጎዳና ላይ በምትገኘው አዳይቱ ለሥራ በሰነበትኩበት ወቅት፣ የአካባቢውን የቦታ ስሞች በንድፍ ላይ የማስፈር ተግባር ደርሶኝ ነበር። የጻፍኳቸውን ስሞች መንገድ ይመሩን ለነበሩት አዛውንት ባነበብኩላቸው ጊዜ ግን ብዙዎቹን ሊለዩልኝ አልቻሉም። ጥፋቱ የእሳቸው ጆሮ ሳይሆን የእኔ ጉሮሮ ነበር።

በአፋርኛ «ዐሳ» ማለት ቀይ፣ «ዐዶ» ማለት ነጭ ነው። የሁለቱም ቅጽሎች መነሻ ከጉሮሮ ጠልቆ የሚወጣ ድምፅ ነው። ግዕዝ ለዚሁ ድምፅ ከ26ቱ ፊደላቱ 16ኛውን፣ «ዐ»ን መድቦለታል፤ ትግርኛም እስከ ዛሬ ይለየዋል። አማርኛ ግን ፊደሉን ወርሶ ድምፁን በመተዉ፣ «ዐ»ንና «አ»ን አንድ አድርገን እናነባለን። በላቲን ፊደል የሚጻፈው አፋርኛ ደግሞ ድምፁን በ«ኪው» ስለሚወክለው፣ ደንቡን ያልተረዳ ሰው የሕዝቡን ስም ራሱን «ቃፋር» ብሎ ያነበዋል።

ቅጽሎቹ ከቀለም ያለፈ የታሪክ ሸክም አለባቸው። የአፋር ሕዝብ ዐሳይማራና ዐዶይማራ በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ክፍሎች ይታወቃል። «ማራ» ሰዎች ማለት በመሆኑ፣ ቅጽሉ እንደ አማርኛው ከስሙ ቀድሞ «ቀይ ሰዎች»፣ «ነጭ ሰዎች» የሚል ፍቺ ይሰጣል። ይህም የትውልድና የሥልጣን ትውፊት እንጂ የቆዳ መልክ መለያ አይደለም። የአውሳ ሱልጣኖች የወጡበት የሙዳይቶ ነገድ ከዐሳይማራ ወገን ነው።

ነገሩ በአፋርኛ አያበቃም። በሳሆም ቀይ «ዐሳ»፣ ነጭ «ዐዶ» ነው። ሶማልኛ ያለ መጨረሻ አናባቢ «ዐስ»ና «ዐድ» ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ1972 በተደነገገው የላቲን ጽሕፈቱም ያንኑ የጉሮሮ ድምፅ በ«ሲ» ይጽፈዋል። በአፋርኛ «ሲ» የ«ሐ» ምልክት ስለሆነ፣ የአንዱን ጽሕፈት በሌላው ደንብ ማንበብ ያሳስታል። ሦስቱ ግን የምሥራቅ ኩሽ ቋንቋዎች፣ ቃላቱም የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። አዳይቱ አፋርና ኢሳ ሶማሌ በይገባኛል ደም የተቃቡባት ስፍራ መሆኗን ለምናውቅ፣ ተፋላሚዎቹ ቀዩንና ነጩን በአንድ ሥር ቃል መጥራታቸው ልብ የሚነካ ነው።

እኛ መሐንዲሶች የአንድ ሜትር ስሕተት እንዳይደርስ ደጋግመን እንለካለን። በካርታ ላይ የምናሰፍረው ስምም ልኬት ነውና፣ ከባለቤቱ አንደበት ሰምተን፣ መልሰን አንብበንለት «አዎን» ሲለን ብቻ ልናጸድቀው ይገባል።